መልኳ ብርቅ፣ ልቧ የጋራ

ስለ ብርቅዬዋ የእንግሊዝ ስፖርት መኪናና በናይሮቢ ስለ አያያዟ

በጦር ሰፈር ጋራዥ ውስጥ የሠራ ሰው አንድ ነገር ጠንቅቆ ያውቃል። ይኸውም መኪና ቆሞ የሚቀረው ስላረጀ ብቻ ሳይሆን መለዋወጫው ስለ ጠፋ መሆኑን ነው። አርባ ዓመት ያገለገለ የጭነት መኪና ዕቃው በገበያ እስከተገኘ ድረስ ዳገትና ቁልቁለቱን ሲመላለስ ይኖራል፤ ትናንት ከመርከብ የወረደ አዲስ መኪና ደግሞ አንዲት ትንሽ ዕቃ ብትጎድልበት ጥላ ሥር ቆሞ አቧራ ይለብሳል።

ይህን እውነት ይዘን ዛሬ ውድ አንባቢያንን ወደ ጎረቤታችን ወደ ኬንያ፣ ናይሮቢ ውስጥ ወደሚገኘው የዌስትላንድስ ሠፈር እንወስዳችኋለን። የምንነጋገርባት መኪና የጭነት አይደለችም። ሁለት ሰው ብቻ የምታስቀምጥ፣ ከመሬት እምብዛም ከፍ ያላለች፣ አፍንጫዋ የረዘመ የእንግሊዝ ስፖርት መኪና ናት። የተሠሩት እኅቶቿ በጥቂት መቶዎች ይቆጠራሉ፤ እርሷን ያወጣው ፋብሪካም መኪና መሥራቱን ካቆመ ዓመታት አልፈዋል። በጋራዡ ሕግ መሠረት የዚህች ዓይነቷ መኪና ዘሯ መጥፋት ነበረበት። ነገር ግን አልጠፋም። ምክንያቱን መመርመር ለመካኒኩም ሆነ ቤተሰብ ለሚያስተዳድረው ሰው የሚጠቅም ትምህርት አለው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መኪና ወዳዱ ከተማ

ዌስትላንድስ ከናይሮቢ መኻል ከተማ በስተ ሰሜን ምዕራብ የሚገኝ የንግድና የመኖሪያ ሠፈር ነው። በ1983 የተከፈተው ሳሪት ሴንተር የተሰኘው የገበያ ሕንፃ የሚገኘው እዚህ ነው። ዋያኪ ዌይ የተባለው አውራ ጎዳና በሠፈሩ በኩል አልፎ ወደ ሊሙሩ የሻይ ተክል፣ ከዚያም ስምጥ ሸለቆን ይዞ ወደ ናኩሩ ያወጣል። ከምሎሎንጎ ተነሥቶ ከተማዋን የሚያቋርጠውና በ2022 ለአገልግሎት የበቃው፣ 27 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ፈጣን መንገድ የሚያበቃውም ዌስትላንድስ ላይ ነው። በእሑድ ማለዳ መኪናውን አሙቆ ወደ ደጋው አየር ብቅ ለማለት ለሚሻ ሰው ከዚህ የተሻለ መነሻ አይገኝም። ከዚህም በላይ በኬንያ የሚነዳው እንደ ብሪታንያ በመንገዱ ግራ በኩል በመሆኑ፣ መሪዋ በስተ ቀኝ የሆነው የእንግሊዝ መኪና ያለ አንዳች ለውጥ ትሠራለች።

ናይሮቢ ከመኪና ጋር ያላት ፍቅር የቆየ ነው። በ1953 ለንግሥት ኤልሳቤጥ 2ኛ የዘውድ በዓል መታሰቢያ ሆኖ የተጀመረው የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ውድድር ከተማዋን በዓለም አስጠርቷታል። የኬንያው ጆጊንደር ሲንግ በ1965 በቮልቮ፣ በ1974ና በ1976 ደግሞ በሚትሱቢሺ ላንሰር አሸንፏል። ሼካር ሜህታ በበኩሉ በ1973፣ ከዚያም ከ1979 እስከ 1982 በተከታታይ፣ በድምሩ 5 ጊዜ በዳትሰን ድል አድርጓል። ልብ ሊባል የሚገባው እነዚህ መኪናዎች ዘራቸው ከማንኛውም ሻጭ ቤት የሚገዛ የሕዝብ መኪና መሆኑ ነው። ከ2003 ጀምሮም ለአሮጌ መኪናዎች የተለየ የሳፋሪ ውድድር ይካሄዳል።

በንጎንግ የፈረስ መወዳደሪያ ሜዳ የሚካሄደው ኮንኩር ደሌጋንስ የተባለው ትርዒት ደግሞ ሌላ መልክ አለው። እዚያ የሚዳኘው ፍጥነት ሳይሆን ንጽሕናና አያያዝ ነው። ዳኞቹ ከውጭው ቀለም አልፈው ሞተሩንና ውስጡን፣ ሆዷንም ጭምር ይመረምራሉ። ወታደር የንጹሕ መሣሪያን ትርጉም ስለሚያውቅ ይህን ፈተና ለመረዳት አይቸገርም።

ከሁሉ ቤት የተዋጣች

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በብሪታንያ ብዙ ትንንሽ መኪና ሠሪዎች ተነሥተው ነበር። ሎተስ፣ ቲቪአር፣ ማርኮስ፣ ጂኔታ፣ በዌልስ ደግሞ ጊልበርን ይጠቀሳሉ። የሁሉም ችግር አንድ ነበር። አንድን ሞተር ከንድፉ አንሥቶ ቀልጦ እስኪወጣ ድረስ ለመሥራት የሚጠይቀው ገንዘብ መኪናው በብዙ ሺህ ካልተሸጠ አይመለስም። ላሜራ በግዙፍ መጫኛ ቀጥቅጦ ካሮሴሪ ማውጣትም እንዲሁ ነው። በዓመት ሁለትና ሦስት መቶ መኪና ለሚሠራ ሰው ይህ የማይታሰብ ነበር።

መፍትሔውን ያገኙት በሁለት መንገድ ነው። ካሮሴሪውን ከፋይበርግላስ፣ ማለትም ከመስተዋት ክርና ከሙጫ፣ በቅርፅ ማውጫ ላይ እየደራረቡ በእጅ ሠሩት። ሞተሩን፣ ካምቢዮውን፣ ፍሬኑን፣ መብራቱንና የበር እጀታውን ግን ከትልልቆቹ ፋብሪካዎች ገዙ። ፎርድ ሞተር ሰጠ፤ ትራያምፍ የፊት እግር ሰጠ፤ ኤምጂ የኋላ አክስል ሰጠ። ትንሹ ሠሪ የጨመረው ሻንሲውን፣ ቅርፁንና ሁሉንም አስማምቶ የማገጣጠም ጥበቡን ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው የአበው ቃል በብረትና በሙጫ ሲገለጥ እንዲህ ይመስላል።

የታክስ ሕግም የራሱ ድርሻ ነበረው። እስከ 1973 ድረስ በብሪታንያ ተገጣጥሞ የሚሸጥ አዲስ መኪና የግዥ ታክስ ሲከፈልበት፣ በክፍል በክፍል ተገዝቶ በገዢው እጅ የሚገጣጠመው ግን ከዚህ ታክስ ነፃ ነበር። በዚህ ምክንያት ብዙ ሰው ግማሽ መኪና ገዝቶ በግቢው ውስጥ ሙሉ አደረጋት። በ1973 የተጨማሪ እሴት ታክስ ሲተካ ይህ ጥቅም ቀረ፤ ጊልበርንም በዚያው ዓመት ሥራውን አቆመ።

ለምሳሌ ያህል አንዷን እንምረጥ። ቲቪአር የተባለው ድርጅት በብላክፑል ከተማ በ1940ዎቹ መጨረሻ የተመሠረተ ሲሆን ስሙም ትሬቨር ከተባለው የመሥራቹ ስም ፊደሎች የተለቀመ ነው። ከ1972 እስከ 1979 ባወጣው ተከታታይ ሞዴል ውስጥ 3000ኤም የተባለችው ትገኝበታለች፤ የተሠራችውም በ654 ቁጥር ብቻ ነው። በካሮሴሪዋ ሥር ያለው ግን ኤሴክስ የተባለው የፎርድ ባለ 6 ሲሊንደር፣ 2,994 ሲሲ ሞተር ነው። ይኸው ሞተር በፎርድ ዞዲያክ፣ በግራናዳ፣ በካፕሪና በትራንዚት የጭነት መኪና ውስጥ ሲሠራ ኖሯል። የፊት እግሯና ዲፈረንሻልዋ ደግሞ የተወሰዱት ከ90 ሺህ በላይ ከተሠራው ከትራያምፍ ቲአር6 ነው። እንግዲህ መልኳ የ654 ሰዎች ብቻ ቢሆንም ልቧ የብዙ ሺህ ሰዎች ነው።

ኬንያም ራሷ መኪና ለመሥራት ሞክራ ነበር። በ1986 ፕሬዚዳንት ዳንኤል አራፕ ሞይ ለናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ ባቀረቡት ጥያቄ መነሻነት ኛዮ የተሰኘችው መኪና ተነድፋ 5 ናሙናዎች ተሠሩ፤ በ1990ም ለሕዝብ ታዩ። በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር ትሮጥ ነበር። ሆኖም በብዛት ለማምረት የሚያስፈልገው ገንዘብ ስላልተገኘ እዚያው ላይ ቆመች። ዋናው ልዩነት ድፍረቱ ላይ አይደለም፤ የኬንያው ሙከራ ሁሉንም በራስ እጅ ለመሥራት ሲነሣ፣ የእንግሊዞቹ ትንንሽ ሠሪዎች ግን ከባዱን ሸክም በሌላ ትከሻ ላይ አኑረው ነበር።

ሁለት ዓይነት ዕቃ

የዚህች መኪና ባለቤት ለመሆን የሚያስብ ሰው አስቀድሞ ማወቅ ያለበት የዕቃዎቿን ትውልድ ነው። አንደኛው ወገን የተዋሰችው ነው፤ ሁለተኛው ወገን የራሷ ብቻ የሆነው ነው።

የተዋሰችው ሲሰበር መፍትሔ አለው። ናይሮቢ ውስጥ ቀድሞ ግሮጋን ይባል የነበረው ኪሪንያጋ መንገድ ለእነርሱ እንደ እኛ ሶማሌ ተራ ነው። መለዋወጫ የሚሸጠውም፣ መንገድ ዳር ሆኖ የሚጠግነውም እዚያ ይገኛል። እነዚህን የእጅ ባለሙያዎች ሕዝቡ ጁዋ ካሊ ይላቸዋል፤ በስዋሂሊ ብርቱ ፀሐይ ማለት ሲሆን፣ በጠራራ ፀሐይ ሥር ስለሚሠሩ የተሰጣቸው ስም ነው። እንደ ፍሬን ሸራ፣ ካንዴላ፣ ኩሽኔታ የመሰለው ዕቃ የሚጠየቀው በስፖርት መኪናዋ ስም ሳይሆን በተወሰደበት መኪና ስም ነው። የኤሴክስ ሞተር ደግሞ በብሪታንያ ከ1966 እስከ 1988 ከተሠራ በኋላ በደቡብ አፍሪካ እስከ 2000 ድረስ ሲመረት ቆይቷል። ስለዚህ የናይሮቢው ባለ መኪና ወደ ሎንዶን ብቻ ሳይሆን ወደ ደቡብም መመልከት ይችላል።

የራሷ የሆነው ሲሰበር ግን ነገሩ ይለያል። ቱቦ ሻንሲው፣ ካሮሴሪው፣ የቅርፁን ጠመዝማዛ ተከትሎ የተሠራው ትልቁ የኋላ መስተዋት በየገበያው አይገኙም። ተስፋው በብሪታንያ ያሉት የባለ መኪናዎች ማኅበራትና ዕቃውን እንደገና የሚያሠሩ ጥቂት ባለሙያዎች ናቸው። በመሆኑም ጥበበኛ ባለቤት ሞተሩን ከመፍራት ይልቅ ሻንሲውን ይጠብቃል። ፋይበርግላስ አይዝግምና መኪናዋ ከላይ ስታዩዋት ጤነኛ ትመስላለች፤ ከሥሩ ያለው የብረት ቱቦ ግን፣ በተለይም ወደ ጎን የወጡት ክንዶች፣ ውሃና ጭቃ ይዘው በዝምታ ይበላሉ። ለመጠገን አንዳንዴ ካሮሴሪውን በሙሉ ማንሣት ግድ ይሆናል። ከመግዛት በፊት መኪናዋን ከፍ አድርጎ፣ ከሥሯ ተኝቶ፣ በመዶሻ ጫፍ ቱቦውን መታ መታ አድርጎ ድምፁን ማዳመጥ የወራት ደመወዝ ያድናል።

ለመካኒክ አንባቢዎቻችን የሚሆኑ ጥቂት ነጥቦችንም እናክል።

አንደኛ፣ በብረት መኪና ላይ የኤሌክትሪኩ ኔጋቲቭ የሚመለሰው በራሱ በብረቱ ገላ ነው። ፋይበርግላስ ግን ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። ስለዚህ እያንዳንዱ መብራት እስከ ሻንሲው ወይም እስከ ባትሪው የሚደርስ የራሱ የማሳ ሽቦ ያስፈልገዋል። መብራቷ ሲደክም ወይም አንዱ ሲበራ ሌላው ሲጠፋ አምፖል ከመለወጥ በፊት የማሳውን ማሰሪያ ፈትቶ ዝገቱን መጥረግ ይቀድማል።

ሁለተኛ፣ በኤሴክስ ሞተር ውስጥ አልቤሮ ካሙን የሚያዞረው ጥርስ ከፋብሪካ ሲወጣ የፋይበር ነው። ሲያረጅ ጥርሱ ይረግፍና ሞተሩ ያለ ማስጠንቀቂያ ይቆማል። በብረት ጥርስ መተካት የታወቀ መድኃኒት ነው። የዘይት ፓምፓውን የሚያዞረው ባለ ስድስት ጎን ዘንግም ጠርዙ እየተበላ ስለሚሄድ ሞተር በተከፈተ ቁጥር መታየት አለበት።

ሦስተኛ፣ ናይሮቢ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች። አየሩ ስለሚሳሳ በካርቡራተር የሚሠራ ሞተር በየ100 ሜትሩ በግምት 1 በመቶ ጉልበት ያጣል። በብላክፑል ባሕር ዳር 138 የፈረስ ጉልበት የነበራት መኪና ዌስትላንድስ ስትደርስ 115 ያህሉን ብቻ ይዛ ትገኛለች። ቤንዚኑ በአየሩ ልክ ካልተቀነሰ ጥቁር ጭስ ታወጣለች፤ ካንዴላዋም ጥላሸት ይለብሳል። የአዲስ አበባ መካኒኮች ይህን ችግር ከእነርሱ ይልቅ ያውቁታል።

አራተኛ፣ የዚያ ዘመን ሞተሮች የተሠሩት እርሳስ ላለበት ቤንዚን ነበር። ከሰሐራ በታች ያሉ የአፍሪካ አገሮች እስከ 2006 መግቢያ ድረስ እርሳስ ያለበትን ቤንዚን ስለ ተዉ፣ ቴስታታው በተከፈተ ጊዜ የቫልቮቹን መቀመጫ በጠንካራ ብረት ማስለወጥ ይመከራል።

የቤተሰብ ጥግ

በቋንቋችን ባለቤት የሚለው ቃል ለንብረት ጌታም፣ ለትዳር ጓደኛም መጠሪያ ነው። ስለ እንዲህ ያለች መኪና ሲነሣ ሁለቱ ትርጉሞች በአንድ ማዕድ ላይ ይገናኛሉ። መኪናዋ የምትገዛው በአንድ ሰው ፍላጎት ቢሆንም የምትኖረው በመላው ቤተሰብ ገንዘብና እሑድ ነው።

እስቲ ለምሳሌ በዌስትላንድስ የሚኖር አንድ ቤተሰብ በሐሳባችን እንሣል። ባልየው መኪናዋን ይወዳል፤ በየእሑዱ ከሥሯ ተኝቶ ይውላል። ሚስትየው ውበቷን አትጠላም፤ ነገር ግን የልጆች የትምህርት ቤት ክፍያ በሚደርስበት ወር ከውጭ የታዘዘ ዕቃ ሂሳብ ሲመጣ ትጨነቃለች። አንድ ቀን ማታ፣ «ነገ አንተ ብትታመምብኝ ይህችን መኪና የት ወስጄ ለማን አሳያታለሁ?» ብላ ብትጠይቀው ምን ይመልሳል? ጥያቄው የቅናት አይደለም። የእያንዳንዱ ዕቃ ትውልድ፣ የትኛው ከፎርድ፣ የትኛው ከትራያምፍ እንደ መጣ፣ ያለው በባልየው ራስ ውስጥ ብቻ ነው። እርሱ ከሌለ መኪናዋ ለቤተሰቡ ስሙን የማያውቁት ቅርፊት ትሆናለች፤ ገዢ ነኝ የሚል ሁሉ የፈለገውን ዋጋ ይሰጥባታል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ እንደ ተባለው ይሆናል።

ለዚህ መድኃኒቱ ውድ አይደለም። አንድ ጠንካራ ደብተር ይበቃል። በአንደኛው ረድፍ የዕቃው ስም፣ በሁለተኛው የተወሰደበት መኪናና ሞዴል፣ በሦስተኛው የዕቃው ቁጥር፣ በአራተኛው የተለወጠበት ቀንና ዋጋ ይጻፋል። ለምሳሌ «ፍሪሲዮን፦ ከባለ 3 ሊትር ፎርድ»፣ «የፊት ፍሬን፦ ከትራያምፍ» እየተባለ ይሞላል። ሊብሬውና ደረሰኞቹም አብረው ይቀመጣሉ። ደብተሩን ባልየው ብቻውን ከሚጽፈው ከልጆቹ አንዱ እየጠየቀ ቢጽፈው ደግሞ ዕውቀቱ በሁለት ሰው ዘንድ ይኖራል። ቤተሰቡ መኪናዋን ለመሸጥ ቢወስን በተገቢው ዋጋ ይሸጣታል፤ ለማቆየት ቢወስን ማቆየት ይችላል። የሚስትየው ጥያቄም መልስ አገኘ ማለት ነው።

ከደብተሩ ቀጥሎ ሦስት ስምምነቶች በባልና በሚስት መካከል ቢኖሩ መልካም ነው።

የመጀመሪያው፣ ይህች መኪና የቤቱ የዕለት ተዕለት መኪና አትሁን። ታማሚ ሆስፒታል የሚደርስበት፣ ልጅ ከትምህርት ቤት የሚመለስበት ሌላ አስተማማኝ መጓጓዣ ይኑር። 3000ኤም የኋላ መክፈቻ እንኳ የላትም፤ ሻንጣ የሚገባው በበሩ በኩል ከመቀመጫው ጀርባ ነው። የኋላው መስተዋት ተከፍቶ ዕቃ የሚጫንበት፣ ታይማር የተባለው ዓይነት የወጣው በ1976 ነው።

ሁለተኛው፣ ወጪዋ ከቤት አስቤዛ የተለየ የራሱ ሣጥን ይኑረው። ሣጥኑ ባዶ ሲሆን መኪናዋ ትጠብቅ። ስታርፍ የማትቀየም መሆኗ ከብዙ ነገር የተሻለች ያደርጋታል።

ሦስተኛው ስለ ደኅንነት ነው። በ1970ዎቹ የተሠራች መኪና በግጭት ጊዜ የሚነፋ የአየር ከረጢት የላትም፤ ካሮሴሪዋም ከሙጫ የተሠራ በመሆኑ በእሳት ይያያዛል። ያረጁ የቤንዚን ጎማ ቱቦዎች በወቅቱ ይለወጡ፤ የእሳት ማጥፊያ ከሾፌሩ እጅ አይራቅ፤ ሁለት መቀመጫ ባላት መኪና ውስጥ ሕፃን በጭን ላይ አይጫን።

ገና ለመግዛት ለሚያስቡ ደግሞ አንድ ማሳሰቢያ አለን። ኬንያ ከውጭ የሚገባ ያገለገለ መኪና ዕድሜው ከ8 ዓመት እንዳይበልጥ ስለምትጠይቅ፣ ብሪታንያ ውስጥ በርካሽ የታየችን አሮጌ መኪና ገንዘብ ከፍሎ ከመጫን በፊት ሕጉን ከባለ ሥልጣኖች ዘንድ ማጣራት ግድ ነው።

ለእኛስ?

ከአንባቢዎቻችን መካከል የቲቪአር ባለቤት የሚሆን ጥቂት ነው፤ ትምህርቱ ግን ከመኪናዋ ይሰፋል። በአዲስ አበባ ቮልስ መኪና ይህን ያህል ዘመን በመንገድ ላይ የታየችው ዕቃዋ የጋራ፣ ጠጋኟም ብዙ ስለ ነበረ ነው። ኢትዮጵያ በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ከውጭ እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ በእጅ ያለውን አሮጌ መኪና በእንክብካቤ ማቆየት ከቀድሞው የበለጠ ዋጋ አግኝቷል። ዛሬ በየቤታችን ያለው ተራ መኪና ነገ ዕቃው ብርቅ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ መኪና ያላችሁ ሁሉ በዚህ ሳምንት መጨረሻ አንድ ደብተር ግዙ። ኮፈኑን ክፈቱና ከልጆቻችሁ ጋር ሆናችሁ ከባትሪው ጀምራችሁ ጻፉ። የዕቃውን ስም፣ ከየት እንደ መጣና ማን እንደ ጠገነው መዝግቡ። ከዚያም ደብተሩ ያለበትን ቦታ ለትዳር ጓደኛችሁ አሳዩ።